ልጄ በጀርመን ቤት እየተራበች ነው፤ ላስመልሳት?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ16 ዓመት ልጄ የአሜሪካ ምክር ቤትና የጀርመን ፓርላማ በሚደግፉት የተማሪዎች ልውውጥ ዕድል አግኝታ ለአንድ የትምህርት ዓመት ወደ ሰሜን ጀርመን ሄዳለች። ኦልደንበርግ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ከአንድ ቤተሰብ ጋር መኖር ከጀመረች ሰባት ሳምንት ሆናት። በየማታው እየደወለች ታለቅሳለች። እራት ብለው የሚሰጧት ቀዝቃዛ ዳቦና አይብ ነው። አንድ ጊዜ ‹ትጨምሪያለሽ?› ይሏታል፤ ‹አይ፣ በቃኝ› ስትል ዕቃውን ያነሳሉ። ረቡዕና ዓርብ ስለምትጾም ቁርስ ሳትበላ ስትወጣ በዓይናቸው ይከታተሏታል። የቤቱ እመቤት ደግሞ ‹ሁልጊዜ በርሽን ዘግተሽ ነው የምትቀመጪው፤ ከእኛ ጋር መሆን ደስ አይልሽም?› ብላ ፊት ለፊት ተናግራታለች። ለማስተናገጃ ገንዘብ እየተከፈላቸው በልጄ ሆድ መቆጠባቸው በጣም አናዶኛል። ቤተሰብ እንዲቀየርላት ልጠይቅ ወይስ ላስመልሳት? ባለቤቴ በፈረንጆች ገና ሄዶ ሊያያት ትኬት እየፈለገ ነው።»

ምላሽ፦ በቅድሚያ የገንዘቡን ነገር እናጥራ፤ ሌላውን ሁሉ የተመለከቱት በዚያ መነጽር ነውና። ለእነዚህ ሰዎች የሚከፈላቸው ነገር የለም። ልጅዎ የሄደችበት መርሐ ግብር በ1983 የተጀመረ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጀርመናውያን ሰፋሪዎች ፔንሲልቬኒያ የገቡበት 300ኛ ዓመት ሲታሰብ የሁለቱ አገሮች ምክር ቤቶች ያቋቋሙት። የአውሮፕላን ጉዞውና የመድን ዋስትናው ወጪ በመርሐ ግብሩ ይሸፈናል። ልጅቷን ቤቱ የሚያኖራት ቤተሰብ ግን በፈቃዱ፣ ያለ ክፍያ ነው የሚቀበላት። አልጋውም፣ ዳቦውም፣ የምትታጠብበት ሙቅ ውኃም ከራሳቸው ኪስ የሚወጣ ነው። ይህን ልጅዎም ማወቅ አለባት። እስከ ዛሬ በስልክ ሌላ ነገር ነግረዋት ከሆነ ዛሬውኑ ያርሙት፤ እናት የጠረጠረችውን ሰው ልጅ ማመን ይከብዳታል።

ወደ ገበታው እንሂድ። ማታ ቀዝቃዛ ዳቦ መብላት በጀርመን የቆየ ልማድ ነው። የእራቱ ስም ራሱ «አበንትብሮት» ነው፤ «የምሽት ዳቦ» ማለት ነው። ትኩስ ምግብ በድሮው ሥርዓት የምሳ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ሥራ ውሎ ማታ በሚገናኝበት ዘመን ብዙ ቤት ማታ ቢያበስልም፣ በሰሜኑ አካባቢ የዳቦው እራት እንደጸና ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን በየሰው ፊት የእጅ መዳፍ ሁለት እጥፍ የምታህል የእንጨት ሰሌዳ ትቀመጣለች። መሐል ላይ በቅርጫት የተቆረጠ ጥቁር ዳቦ፣ ቅቤ፣ በስሱ የተቆረጠ አይብ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ቋሊማ፣ ኮምጣጤ የገባበት ኪያር፣ ቲማቲም ይደረደራል። ማንም ለማንም አያነሳም። ሁሉም ከመሐል እየወሰደ በሰሌዳው ላይ የራሱን ይቀባል፣ ይደራርባል። እናትም አባትም ልጆችም የሚበሉት ይህንኑ ነው። ለልጅዎ ተለይቶ የወጣ የእንግዳ ምግብ የለም፤ ተለይቶ የተቀነሰባትም የለም።

ልጅዎን ያስራባት «አይ፣ በቃኝ» የሚለው ቃል ነው። እኛ ቤት የመጀመሪያው «አይ» የጨዋ ልጅ መክፈቻ ነው። ሁለተኛው «አይ» የጨዋታው ማሟሟቂያ ነው። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ከተባለ በኋላ ደግሞ እጅ ይዘረጋል፤ ጉርሻም ይከተላል። ጀርመን ቤት ግን «አይ» አንድ ትርጉም ብቻ አላት። ጠያቂዋ ያንን ቃል ሰምታ ደግማ ብትጠይቅ ልጅቷን አላመንሁሽም ማለት፣ ሌላ ጊዜም ብትገፋፋ ማስጨነቅ ይመስላታል። ዕቃውን የምታነሳው ከአክብሮት ነው። እኔ ራሴ ጀርመን በመጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት አንድ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ከምድጃ የወጣ የፕሪም ኬክ ቀርቦልኝ «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልሁ። ከቁርስ በኋላ የቀመስሁት ነገር አልነበረም። ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ሳለሁ እናቱ ኬኩን ከነክሬሙ ወደ ማቀዝቀዣ አስገቡት። የማቀዝቀዣው በር ሲዘጋ የተሰማኝን ድምፅ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከ20 ዓመት በላይ በዚህ አገር ስኖር፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍሁት በልውውጥ የሚመጡ ወጣቶችን ከተቀባይ ቤተሰቦቻቸው ጋር በማግባባት ነው። ከኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር በተያያዘ የምሰማው የመጀመሪያ አቤቱታ ሁልጊዜ ይኸው የኬኩ ታሪክ ነው፤ ኬኩ ብቻ ይለዋወጣል።

መፍትሔው አጭር ነው። ልጅዎ «ያ፣ ጌርነ» ማለትን ትልመድ፤ «አዎ፣ ደስ ይለኛል» ማለት ነው። ሳህኑ ከራቀ «ኢሽ ሃበ ኖኽ ሁንገር» ትበል፤ «ገና ርቦኛል» እንደማለት። በእኛ ጆሮ ድፍረት ነው፤ በእነሱ ጆሮ መረጃ ነው። አንድ ጥያቄ ደግሞ ነገ ማታ ታቅርብ፦ «በማቀዝቀዣው ውስጥ ካለው ሳልጠይቅ ማንሳት የምችለው የትኛውን ነው?» ይህ አንዴ ከተመለሰ ለዓመቱ ሙሉ ይሠራል። ምናልባት የቤቱ ሰው እስከ ዛሬ ለምን እንዳልነካች ሲገርመው ኖሮ ይሆናል።

የጾሙ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ረጋ ብለን እንየው። ነገሩን ከእመቤቲቱ ዓይን ይመልከቱት። ቤቷ ያለች የ16 ዓመት ልጃገረድ በሳምንት ሁለት ቀን ቁርስ ሳትቀምስ ትወጣለች፤ በእነዚያ ቀናት ወተትና አይብ ታርቃለች፤ ማታ ጥቂት ቆርሳ በቃኝ ትላለች፤ ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ያየች እናት መጀመሪያ የምታስበው ስለ ሃይማኖት አይደለም፤ ልጅቷ ክብደት ለመቀነስ ራሷን በረሃብ እየቀጣች፣ ወደ ሕመም እየገባች ይሆን ብላ ነው። በዓይን የምትከታተላት ለዚህ ነው። ፈርታለች። ለመርሐ ግብሩ ተጠሪ ደውላ እንደሆነም አይገረሙ፤ ደውላ ከሆነ ኃላፊነቷን ነው የተወጣችው።

«እጾማለሁ» ማለት ብቻውን በቂ አይሆንም። «ፋስተን» የሚለውን ቃል ጀርመኖች ያውቁታል፤ ዛሬ ግን ለብዙዎቹ ከፋሲካ በፊት ቸኮላት ወይም ቢራ መተው ማለት ሆኗል። ስለዚህ ሁለት ቃል ታጣምር። የመጀመሪያው የእምነት ጾም መሆኑን ይናገር፤ ሁለተኛው «ቪጋን» የሚለው ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም ብላ ከመዘርዘር ይህች አንዲት ቃል ትበልጣለች፤ በየሱፐርማርኬቱ ማሸጊያ ላይ ታትማ ትገኛለች። ረቡዕና ዓርብን፣ ሳትበላ የምትቆይበትን ሰዓት፣ ረጃጅሞቹን አጽዋማት በአንድ ገጽ የቀን መቁጠሪያ ጽፋ ማብሰያ ቤት ግድግዳ ላይ ትለጥፍ። ጀርመን ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቀን መቁጠሪያ ክብር አለው። አንድ ነገር ግን አትተው፦ ባትበላም ገበታው ላይ ትቀመጥ። ሻይ ይዛ። የቤተሰቡ ዋነኛ የወሬ ሰዓት ያ ነው፤ ጾም ብላ ከገበታው ከቀረች የቀረችው ከቤተሰቡ ነው።

ከፊታችሁ ያለውንም አስቀድማችሁ አስቡበት። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ይገባል፤ እስከ ጃንዋሪ 7 ገናችን ድረስ ነው። በዚያው ሰሞን ጀርመኖች የገና ዋዜማ ሳምንታትን ይጀምራሉ፤ አራት እሑድ አራት ሻማ እያበሩ፣ በቅቤ የለወሱትን ብስኩት እየጋገሩ። ዲሴምበር 6 ጫማዋ ውስጥ ቸኮላት ታገኛለች፤ ትልቁ ማታ ደግሞ ዲሴምበር 24 ነው። በሙሉ በጾም መካከል! ይህን እንዴት እንደምታልፈው እኔ አልወስንላትም፤ የንስሐ አባቷን አሁኑኑ ጠይቃ መልሱን ይዛ ትቆይ። የሚጾሙት ቀናት ከታወቁ ብስኩቱን በቅቤ ፋንታ በዘይት መጋገር ቀላል ነው፤ በመጨረሻው ቀን ፊት ለፊት የቀረበውን ዝይ መግፋት ግን ቤቱን ያስቀይማል። አንድ መልካም ዜናም አለ። እሷ ያለችበት አካባቢ በክረምት ምግቡ የሚኮራው በ«ግሩንኮል» ነው፤ ቋሊማና ጮማ ገብቶበት ለሰዓታት የሚበስል አትክልት። ምን እንደሆነ ያውቃሉ? ጎመን። የእኛው ጎመን የቅርብ ዘመድ። ሥጋው ከመግባቱ በፊት ለእሷ ቀንሶ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ማቁላላት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ እሷው ታቁላላው።

አሁን ወደተናደዱበት ንግግር። «ከእኛ ጋር መሆን ደስ አይልሽም?» የሚለው ስድብ መስሎ ተሰምቷችኋል። እኔ ስሰማው የግብዣ ጥሪ ነው፤ ያውም የተከፋ ሰው ግብዣ። እኛ «ዝም አይነቅዝም» እንላለን። ጀርመን ቤት ዝምታ ይነቅዛል። ቅር ያሰኘ ነገር በቶሎ፣ በቀጥታ፣ ለባለቤቱ ይነገራል፤ ከተነገረ በኋላም ቂም ሆኖ አይቆይም፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያችው ሴት ሻይ ልቅዳልሽ ልትል ትችላለች። ልጅዎ ደግሞ ሁለት መጋረጃ ተሸክማ ነው የሄደችው። አንዱ የእኛ ይሉኝታ ነው። ሁለተኛው አሜሪካ ያስተማራት ነው፤ እንዴት ነሽ ሲሏት «በጣም ግሩም ነው» ብላ ፈገግ ማለት። ሰባት ሳምንት ሙሉ «ግሩም ነው» እያለች በር ዘግታ የምታለቅስ ልጅ ከእመቤቲቱ አንጻር ምን እንደምትመስል ያስቡት። በሩን የመዝጋቱ ነገር ራሱ በጀርመን ቤት ነውር አይደለም፤ ሁሉም የክፍሉን በር ይዘጋል፣ ይንኳኳል፣ ይገባል። ሰዓቱ ነው ነገሩ። ከትምህርት ቤት ተመልሳ አንድ ሰዓት ዘግታ ማረፍ የተለመደ ነው፤ እስከ ማታ ከሆነ ግን መልእክት ይሆናል።

በዚሁ ላይ የመጠሪያ ነገር ይጨመራል። ጀርመንኛ እንደ አማርኛ «አንቺ»ና «እርስዎ» ለይቶ ያውቃል። ልጅዎ ተቀባይ እናቷን በ«ዱ»፣ ማለትም በአንቺ፣ በስሟም እንድትጠራት ተነግሯት ይሆናል። አማርኛ የሰማ ጆሮ ላለው ልጅ ይህ ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ ልጆቻችን ጭራሽ ሳይጠሯቸው፣ እየዞሩ እየተጠጉ ይናገራሉ። ዓይን መስበርም እንዲሁ፤ እኛ ዘንድ ትሕትና፣ እነሱ ዘንድ የተደበቀ ነገር። ስሟን ጠርታ፣ ዓይኗን አይታ ትናገር። መምህራንን ግን በ«ዚ» ነው፤ እዚያ ላይ ቤት ያስተማሯት ትሕትና ይሠራላታል።

የቤት ሥራ ላይ በፍጥነት ልለፍ፤ ልጅዎ እንግዳ አይደለችም። እንደ ቤተሰብ ልጅ ስለወሰዷት ነው የማያስተናግዷት። ሳትታዘዝ ሰሌዳዎቹን ታንሳ፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን ትሙላ፣ ባዶም ታድርግ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ቆሻሻ ይለያል፦ ወረቀት ለብቻው፣ የምግብ ትራፊ ለብቻው፣ ማሸጊያ ለብቻው፣ ጠርሙስ በቀለሙ። ውኃና ለስላሳ የሚሸጥበት የሚጣል ፕላስቲክ ጠርሙስ 25 ሳንቲም መያዣ ስላለበት አይጣልም፣ ይመለሳል። በብርድ ጊዜ መስኮት ለጥቂት ደቂቃ ወለል ተደርጎ ተከፍቶ ይዘጋል፤ ማሞቂያው እየነደደ ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ መተው በኪሳቸው ላይ መቀለድ ነው። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ጫጫታም አይወደድም። ከሁሉ የሚበልጠው «በሻይድ ዛገን» የሚሉት ነው፤ የት እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትመለሱ ማሳወቅ። እዚህ አገር የ16 ዓመት ልጅ ብስክሌቷን ይዛ ብቻዋን ትወጣለች፤ ነፃነቱ ሰፊ ነው፣ ዋጋው ግን ይህች አንዲት የስልክ መልእክት ናት። አሥር ደቂቃ መዘግየት እንኳ ይነገራል።

በየማታው የምትደውለው ስልክ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳት ነገር ነው ስል እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። ያስቡት እንጂ። ከስድስት ሰዓት የጊዜ ልዩነት ጋር እርስዎ ከሥራ ሳይወጡ እሷ ዘንድ ምሽት ነው፤ ማለትም የምትደውልልዎ ልክ ቤተሰቡ ሳሎን ተቀምጦ በሚጫወትበት ሰዓት ነው። የቀኑን ድካም ሁሉ ለእርስዎ ታራግፋለች፤ ቀለል ይላታል፤ ቀልሏት ትተኛለች፤ እርስዎ ግን ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ። በማግሥቱ ለእመቤቲቱ ልትናገረው የሚገባው ነገር ትናንት ማታ በእንባ ወጥቶ አልቋል። አንድም ነገር አልተፈታም።

ሰባተኛው ሳምንት መሆኑም በአጋጣሚ አይደለም። የመጀመሪያው ወር አዲስነቱ ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ አዲሱ ነገር ያልቃል፣ ቋንቋው ግን ገና አይመጣም፤ ቀኑን ሙሉ ግማሹን ብቻ እየተረዱ መዋል ጭንቅላትን እንደ ሸክም ያደክማል። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ስቬሬ ሊስጋርድ በ1955 አሜሪካ የተማሩ የአገሩን ልጆች አነጋግሮ መላመድ መጀመሪያ ከፍ ብሎ፣ መሐል ዝቅ ብሎ፣ ኋላ እንደገና የሚወጣ ቅርጽ እንዳለው ጽፎ ነበር። የኋላ ተመራማሪዎች ሁሉም ሰው በዚያ መንገድ አይሄድም ብለው ሞግተውታል፤ እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ያለቀሱ፣ ጨርሶ ያላለቀሱም ልጆች አይቻለሁ። መሐሉ ላይ ያለው ዝቅታ ግን እውነት ነው፤ በዝቅታው ውስጥ ሆኖ የሚወሰን ውሳኔም ብዙ ጊዜ ያስቆጫል። የሚመጣው ጨለማም ይታከልበት። ኦልደንበርግ ከሜሪላንድ በጣም ወደ ሰሜን ነው፤ በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ ነው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት አለፍ ሲል ትጠልቃለች። በሳምንት ሦስት ማታ ከቤት የሚያወጣት ነገር ከሌለ ያ ጨለማ ክፍሏ ውስጥ ያገኛታል።

ያ ነገር ማኅበር ነው። ጀርመን ትምህርት ቤት እንደ አሜሪካ ሁሉን ነገር ጠቅልሎ አይዝም፤ ትምህርት ሲያልቅ ልጆች ይበተናሉ፤ ስፖርቱና ሙዚቃው ያለው በየከተማው ማኅበር፣ እነሱ «ፈራይን» በሚሉት ውስጥ ነው። የእጅ ኳስ፣ መዋኘት፣ የወጣቶች የእሳት አደጋ ቡድን፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን፤ የወደደችውን ትምረጥ። ክፍል ውስጥ ዞር ብሎ ያላናገራት ልጅ እዚያ ኳስ ያቀብላታል። ጀርመናዊ ወጣት ጓደኛ ለማድረግ ጊዜ ይወስዳል፤ ያሉት ጓደኞቹ ከሕፃንነት የመጡ ናቸው። በክፍል ደግሞ እጅ ማውጣት ትጀምር፤ እዚያ የቃል ተሳትፎ ከውጤቱ ትልቅ ድርሻ አለው፣ ዝም ብሎ መስማት ጨዋነት ተብሎ አይመዘገብም። ውጤት ስትነግርዎም አይደናገጡ፦ 1 ከሁሉ የሚሻለው ነው፣ 6 ከሁሉ የሚያንሰው። በነገራችን ላይ አማርኛዋ እዚህ ይጠቅማታል። የጀርመንኛ ጥገኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ አሜሪካውያን ጓደኞቿ በዚህ ሲቸገሩ እሷ ግሱ እስኪመጣ መጠበቅን ከእናቷ አፍ ተምራለች።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ደህና ቤተሰብ መሆኑን በመገመት ነው፤ ከጻፉልኝ ውስጥ ሌላ የሚያመለክት አላየሁም። ነገር ግን «ልመጂው» የማይባል ነገር አለ። በቤቱ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው ሰውነቷን ከነካ፣ በአነጋገር ካዋረዳት፣ ምግብ ከከለከላት፣ ፓስፖርቷን ወይም ስልኳን ከያዘባት፣ ስካር ወይም ድብደባ ካለ፣ ከዚያ ቤት በዚያው ዕለት ትውጣ። ማብራሪያው በኋላ ይደርሳል። የቆዳዋ ቀለም ጉዳይም እንዲሁ ይለይ። በትንሽ ከተማ «ከየት ነሽ?» ብሎ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ፀጉሯን ለመንካት እጅ መዘርጋት ይገጥማታል፤ «አትንኪኝ» ማለት ትችላለች፣ ብዙውን ጊዜም ይበቃል። ስድብና ማስፈራራት ግን በዚያው ቀን ለተጠሪውና ለትምህርት ቤቱ ይነገር፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። ለሕፃናትና ለወጣቶች የተዘጋጀው ነፃ የምክር ስልክ 116111 ነው፤ ፖሊስ 110፣ ሕይወት ለሚያሰጋ ነገር 112። ሌላም የሚያስደነግጥዎ አለ፦ በጀርመን ሕግ ከ16 ዓመት ጀምሮ ቢራና ወይን መግዛት ይፈቀዳል፤ ጠንከር ያለ መጠጥ ከ18 ነው። የመርሐ ግብሩ ደንብ ከአገሩ ሕግ ሊጠብቅ ስለሚችል ሁለታችሁም የፈረማችሁትን ወረቀት እንደገና አንብቡት።

ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው። ማስመለስ አንዱ ነው፤ ከተመለሰች ዕድሉ አበቃ፣ በሚቀጥለው ወር ሐሳቧን ብትለውጥ የሚጠብቃት ወንበር የለም። ቤተሰብ መቀየር ሁለተኛው ነው። ነውር የለበትም፣ በየዓመቱ የሚደረግ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ የማይጣጣሙ ሰዎች አሉ። ግን ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊወስዳት ይችላል፣ አዲሱ ቤተሰብም ማታ የሚያቀርበው ዳቦ ነው። «አይ፣ በቃኝ» ብላ ከዚህ ቤት የወጣች ልጅ በዚያኛውም ቤት ትራባለች። ስለዚህ ምክሬ ሦስተኛው ነው፦ ትቆይ፣ ትናገር።

እንዲህ ይደረግ። በዚህ ሳምንት ልጅዎ ራሷ ለአካባቢው የመርሐ ግብሩ ተጠሪ ትጻፍ፤ ከተቀባይ እናቷ ጋር ለሦስት መነጋገር እፈልጋለሁ ትበል። እርስዎ ለቤተሰቡ አይደውሉ፤ ከእርስዎ የሚመጣ ስልክ በእነሱ ዘንድ ክስ ነው፣ ልጅቷንም ሕፃን ያደርጋታል። በስብሰባው ላይ ሦስት ነገር ብቻ ታንሳ፦ የጾሙን ሥርዓት፣ «በቃኝ» ስትል የነበረው ምን ማለት እንደነበረ፣ ማታ ማታ እያለቀሰች መሆኗን። ሦስተኛውን መናገር ከሁሉ ይከብዳታል፤ ከሁሉ የሚሠራውም እሱ ነው። የስልኩ ጥሪ ለሁለት ሳምንት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሁን፣ ከዚያ እሑድ ብቻ፤ በመካከል አጭር ጽሑፍ ይበቃል። ስትደውል «ምን በላሽ?» ብለው አይጀምሩ። «ዛሬ ማን አነጋገረሽ?» ይበሏት። ከዚያ አራት ሳምንት ይቆጠር። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ከተነጋገሩ በኋላም ምንም ያልተለወጠ ከሆነ የቤተሰብ ለውጡን ይጠይቁ፤ ያን ጊዜ እኔም አብሬዎ እጠይቃለሁ።

ባለቤትዎ ትኬቱን አይቁረጡ። ልውውጥ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች በዓመቱ አጋማሽ የወላጅ ጉብኝትን በአብዛኛው አይመክሩም፤ ምክንያቱም ቀላል ነው፦ አባቷ ኤርፖርት ላይ ሲሰናበታት ልጅቷ ወደ መጀመሪያው ሳምንት ትመለሳለች፣ ያውም በገና ሰሞን፣ ቤተሰቡ እሷን እንደ ልጁ ዛፉ ሥር ሊያስቀምጣት በተዘጋጀበት ሰዓት። ለትኬቱ ካሰቡት ገንዘብ ጥቂቷን ቀንሰው በርበሬ በፖስታ ይላኩላት። ምስር እዚያው በየሱቁ ታገኛለች። ቅቤ ግን አብረው አያሽጉ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ የወተት ውጤት በፖስታ ማስገባት ክልክል ነው፣ ለጾሙ ምስር ደግሞ አያስፈልጋትም። አንድ ዓርብ ማታ ያንን ምስር ሠርታ ከዳቦው ቅርጫት አጠገብ ታስቀምጠው። የቤቱ ሰዎች ቀምሰው አንድ ጊዜ «ትጨምራላችሁ?» ስትላቸው «ያ፣ ጌርነ» ሲሉ ትሰማለች፤ «አይ» ካሉም አታስገድዳቸው።